የጣሃ ጆሮ

ራሕማና ናዲያ ስለ ጣሃ ሲያወሩ ጣሃ አጠገባቸው ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ነበር። በሹክሹክታ እንኳ አልነበረም። እናትና ልጅ የገበያ ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ አንዷ ዳቦ እየቆረሰች ሌላዋ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ በሰውየው ላይ ይወስኑበት ነበር። የጎሮው ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎን በሚሉት ክፍል ውስጥ አንድ ሶፋ፣ አንድ ፍራሽና አንድ ቴሌቪዥን ተጨናንቀው ስለሚኖሩ ከማንም መሸሸግ አይቻልም። ጣሃ ከወሬው የያዘው «ካሊድ» የሚለውን ስምና «ይረከበው» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ የቀረውን ከራሕማ ከንፈር ለቃቅሞ ሞላው። ጋራዡን ታናሽ ወንድሙ ይረከበው ነው የምትለው። ናዲያ «ማን ይነግረዋል ታዲያ?» ብላ ቀና ስትል ዓይኗ ከአባቷ ዓይን ጋር ተጋጨ። ፈገግ አለችለት፣ እሱም ፈገግ አለላት። ሰው በገዛ ሶፋው ላይ እንደሌለ ሲቆጠር ያማል፤ ጣሃን ይበልጥ ያመመው ግን እንዳልሰማ ሆኖ ሻዩን እስከ አተላው መጨረሱ ነበር። «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ። የመለሱለትን አልሰማም፤ መመለሳቸውንም እንጃ።

ጣሃ ሠላሳ አራት ዓመት መኪና ሠርቷል። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ግቢ አለ፤ ሦስት ጋራዥ፣ አንድ ጎማ ጠጋኝና አንድ በያጅ ተከራይተውት በአንድ በር ይገባሉ። ከሁሉም ስም ያለው ጣሃ ነው፣ ስሙን ያወጣለትም ጆሮው ነው። ሌላው መካኒክ ሞተር አውርዶ፣ በትኖ፣ ሳምንት ፈጅቶ የሚደርስበትን እሱ ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ዘንበል ያደርግና «ሁለተኛዋ ፒስተን ናት» ይል ነበር። ሲፈታም ሁለተኛዋ ሆና ትገኛለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ያ ጆሮ ቀስ በቀስ እየከዳው ነው። መጀመሪያ የስልኩ ጥሪ ጠፋበት። ቀጥሎ የጎረቤት ዶሮ ዝም አለ፤ አርደውት ይሆናል ብሎ ሳይገርመው ቆየና አንድ ቀን ዶሮው አጥር ላይ ቆሞ አፉን ሲከፍት አየው። አሁን የሶላት ሰዓት መድረሱን የሚያውቀው ካሊድ ለውዱእ ውኃ ሲቀዳ አይቶ ነው። ዕድሜ ልክ ብረት ሲቀጠቀጥ አጠገቡ የኖረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይጠብቃል? እሱ ግን አልጠበቀም ነበር።

ሐኪም ዘንድም አልሄደም አይባልም። ከሦስት ወር በፊት ዕቃ ልገዛ ነው ብሎ ወጥቶ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ወዳለ የጆሮ ክሊኒክ ገባ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍተው፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይህችን ቁልፍ ተጫን አሉት። ጣሃ መች ተሸነፈ! በመስታወቱ ውስጥ የነርሷ እጅ መሣሪያውን ሲነካ ይታየዋል፤ እጇ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጫናል። ለሁለት ደቂቃ ያህል በአዲስ አበባ እንደ እሱ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ነቃችበትና ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረችው፤ ከዚያ ወዲያ ጣቱን እንዳዘጋጀ ነጭ ግድግዳ ሲያይ ቆየ። ጆሮ ላይ የሚሰካው መሣሪያ ለሁለቱም መቶ አርባ ሺህ ብር ነው ተባለ። የፈራው ዋጋውን አልነበረም፤ ገንዘብ ተፈልጎ ይገኛል። ግን ጆሮው ላይ መሣሪያ ሰክቶ ኮፈን ሥር የሚጎነበስ መካኒክ ማን ያምናል? የተሰጠውን ወረቀት ደረጃው ላይ ቀዶ ጣለው፤ ለማንም አልተናገረም።

ታዲያ በምን ይሠራል ለሚል፣ የሰው ፊት እያነበበ ነው የሚሠራው። መኪና ሲያንኳኳ ባለቤቱን ያመዋል። ጣሃ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሰጥ ያደርግና ዓይኑን የሚተክለው ከሞተሩ ላይ ሳይሆን ከባለቤቱ ፊት ላይ ነው። ቅንድቡ ሲሰበሰብ፣ ትከሻው ሽምቅቅ ሲል፣ ድምፁ መጣ ማለት ነው። ነዳጁ ሲቀነስ ፊቱ ከተፈታ አንድ ነገር ነው፣ ሲቀነስም ከቆዘመ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በሠላሳ አራት ዓመት ልምዱ ይገምታል። እስከ ዛሬ ሠርቶለታል፤ ቢያንስ እሱ የሠራለት ይመስለው ነበር።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገሰሰ ሰማያዊ ኮሮላውን እየነዳ ገባ። ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው ነው፤ መኪናዋ ከልጁ ከጸጋአብ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ከጣሃ በቀርም የነካት መካኒክ አልነበረም። ገሰሰ ጺም የለውም። ይህ በጣም በጀ፣ ከንፈሩ ይነበባላ።

«ጣሃ ወንድሜ፣ ጉድ ሆኛለሁ፣ ያንኳኳል» አለ ገና ሳይወርድ። «አንተን ላለማስቸገር ብዬ እሰፈሬ ጋራዥ ወሰድኳት። ሞተሩ ካልወረደ አሉኝ። ዘጠና ሺህ ብር፣ አሥር ቀን። እኔ ደግሞ ነገ በማለዳ ቡታጅራ መሄድ አለብኝ።»

የሚሄደው ለሽምግልና ነበር። ጸጋአብ የወደዳት ልጅ አባት ቡታጅራ ነው ያለው፤ ቀኑ ተቆርጧል፣ ሦስት ሽማግሎች ነጠላቸውን አሳጥበው ተዘጋጅተዋል፣ በገሰሰ መኪና እንደሚሄዱም ተነግሯል። ቀን አስቆርጦ መቅረት በልጅቷ ቤት ላይ ንቀት ነው፤ ያንን ደግሞ ጸጋአብ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጥበው ይኖራል። ገሰሰ ይህን ሁሉ ከነገረ በኋላ የጣሃን ክንድ ያዘ። «አንተ ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ። ቅር ካልከኝ እቀራለሁ። የሌላውን አልሰማም» አለው። ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረውን ብረት የምታቅፍ ብሮንዚና የምትባል ስስ ነገር አለች፤ እሷ ተበልታ ሳለ ረጅም መንገድ የተነዳ መኪና ምን እንደሚሆን ጣሃ ያውቃል። ብረቱ የሞተሩን ጎን ቀዶ ሲወጣ፣ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ሲደፋ፣ መኪናው ከጭነት መኪና ፊት ቀጥ ብሎ ሲቆም በዓይኑ አይቷል። ነገ እዚያ ውስጥ የሚቀመጡት ገሰሰና ሦስቱ ሽማግሎች ናቸው።

ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩን አስነሳ። ካሊድ ጨርቅ ይዞ ከወዲያ ማዶ ቆመ። ከጣሃ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ያሳደገው፣ ከወራቤ አምጥቶ መፍቻ ያስጨበጠው ጣሃ ነው። ጣሃ ነዳጅ ሰጠና የገሰሰን ፊት አየ። የግራ ዓይኑ ሥር ትንሽ ነገር ብልጭ አለች። ድጋሚ ሰጠ፤ ድጋሚ ብልጭ አለች፣ ግን በጣም ትንሽ። ረጅሙን ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ አስደገፈ። ድሮ በዚያ ካቻቢቴ የሞተሩ ሆድ ዕቃ ሁሉ ይሰማው ነበር። አሁን የሚመጣለት መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፣ የማን መንቀጥቀጥ እንደሆነ ግን አይለይም። ወደ ካሊድ ቀና አለ። ካሊድን ጠይቀው፣ አለው ልቡ። አንድ ቃል ናት። ግን የጠዋቷ «ይረከበው» ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረች፤ ዛሬ ካሊድን ምን ሰማህ ብሎ ከጠየቀ፣ በቃ፣ ካሊድ ተረከበ ማለት ነው።

«ቫልቭ ነው» አለ ጣሃ ጮክ ብሎ። «ሞተር አውርዱ ያሉህ ሊበሉህ ነው። አስተካክዬ ከሰዓት ትወስዳታለህ።»

ገሰሰ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ካሊድ አፉን ከፈተ፣ ጨርቁን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ አፉን መልሶ ከደነ።

ቫልቩን ማስተካከል ጀመሩ። ወንድማማቾቹ ከአንድ ሞተር ላይ ግራና ቀኝ ተጎንብሰው፣ መፍቻ እየተቀባበሉ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ቀኑን አጋመሱት። ጣሃ በየመሐሉ ካሊድን በጎን ያየዋል። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ጥፍሩን እንኳ ሳይቀር የሚያጥብ፤ እንዲህ ያለው ነው አድፍጦ የሚረከብህ፣ ይላል በሆዱ። ወዲያው ደግሞ ያፍራል። ይህ ልጅ ታይፎይድ ይዞት ሁለት ሳምንት በጀርባው አዝሎት ጤና ጣቢያ የተመላለሰው ማን ሆነና! ምሳቸውን ግቢው በር ላይ ሻይና ፓስቲ ከምትሸጠው ከእንቁ ገዝተው በሉ። እንቁ ወሬኛ ናት፣ አፏ አያርፍም፤ ጣሃ በሷ ወሬ ላይ ራሱን እየነቀነቀ «እውነትሽን ነው» እያለ መብላት ከለመደ ቆይቷል። አንድ ጊዜ ግን ካሊድ ፓስቲውን አስቀምጦ ወደ እሱ ዞረና «ጋሼ፣ ያ ኮሮላ…» ብሎ ጀመረ። ጣሃ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጎ ተነሣ። «ቫልቭ ነው አልኩ እኮ» አለ። ካሊድ ያልተጠየቀውን መናገር ተወ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገሰሰ ተመልሶ መጣ፤ ጣሃ መሪውን ይዞ፣ ገሰሰ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ለሙከራ ወደ ጎሮ ወጡ። የሞቀ ሞተርና ዳገት ምንም አይደብቁም። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ጭነቱ ይከብዳል፣ የተበላ ነገር ካለ ያኔ ይናገራል። ጣሃ ከመነሳቱ በፊት «ድናለች፣ አሁን ስማት» ብሎ ነበር። ይህችን ነገር ባይላት ምን ነበረበት! ዳገቱ ላይ ነዳጁን ረገጠውና አንድ ዓይኑን መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ገሰሰ ፊት ላይ አደረገ። ፊቱ ፀጥ ያለ ነው። ቅንድቡ በቦታው ነው፣ ትከሻው በቦታው ነው፣ ዓይኑ ሥር ብልጭ የምትል ነገር የለችም። ጣሃ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ይበልጥ አስጨነቀው። ገሰሰ ወደ እሱ ዞሮ ፈገግ አለ፣ «እጅህን ይባርከው» አለው፤ ከንፈሩ ላይ በግልጽ ተነበበ። አልሐምዱሊላህ፣ አለ ጣሃ። ጆሮ እንኳ ቢሄድ ልምድ አልሄደም። ማታ ቤቱ ገብቶ ለራሕማ ምን እንደሚላት፣ እንዴት አድርጎ ሶፋው መሐል ላይ እንደሚቀመጥ እያሰበ ወደ ቦሌ ሚካኤል ተመለሰ።

ግቢው ውስጥ ተጨባበጡ፣ ትከሻ ለትከሻ ተማቱ። ካሊድ አልቀረበም፣ በሩቁ የጎማ ብሎን እየለቀመ ነበር። ገሰሰ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ በሩ ጋ ያለችውን ጉብታ ለመውጣት ነዳጅ ሰጠ። ጣሃ እጁን እያውለበለበ ሲሸኝ እንቁን አየ። ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። መኪናው አጠገቧ ሲደርስ ድንገት ቀና አለች፤ ፊቷን ጭፍግግ አድርጋ ዞረች፣ ኮፈኑን አየች፣ ቀጥላ ጣሃን አየችው። ድናለች ተብሎ ያልተነገረው ፊት ነበር። የገሰሰ ፊት ፀጥ ያለው መኪናዋ ፀጥ ስላለች እንዳልሆነ ለጣሃ በዚያች ቅጽበት ገባው። ሃምሳ ሰባት ዓመቱን ረስቶ ሮጠ፤ የኮሮላዋን ፊት አልፎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱ ላይ ቆመ። ገሰሰ ፍሬን ሲይዝ የመኪናዋ አፍንጫ ጉልበቱን ሊነካው ምንም አልቀረውም።

«እንቁ፣ ምን ሰማሽ?»

«ያንኳኳል እኮ ጋሽ ጣሃ! እንደ ሚስማር መቺ!» አለች እንቁ እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና። «አይሰማዎትም እንዴ?»

ጣሃ ወደ ገሰሰ መስኮት ሄደ። ገሰሰ መሪውን ይዞ ወደ ታች ያያል። «ዳገቱ ላይ ሰምተኸዋል?» አለው ጣሃ። ገሰሰ ቀና አለ። «ሰምቼው ነበር» አለ። «ግን አንተ ድናለች አልከኝ። ቀኑን ሙሉ ስትለፋልኝ ውለህ አልዳነችም ብዬ እንዴት ፊትህን ላስከፋ? ምናልባት እየቆየች ትተወው ይሆናል አልኩ። አንተ ካልክ መቼም…» ይህን የሚለው ነገ ሦስት ሽማግሎች ጭኖ ሊሄድባት የነበረ ሰው ነው። ጣሃ የመኪናዋን በር ተደገፈ። ሰውን በፊቱ ሲያነብ ዓመት ሙሉ ሲኖር፣ ሰው ለሚያከብረው ሰው ፊቱን እንደሚያስተካክልለት አንድም ቀን አላሰበም።

በያጁ መበየኑን ትቶ ያይ ነበር። ጎማ ጠጋኙም እጁን እየጠረገ ቀርቧል። ጣሃ ወደ ግቢው ዞረና፣ ከፈለገው በላይ ጮክ ብሎ፣ «ካሊድ፣ ና አንተ አድምጣት። እኔ አይሰማኝም» አለ። ግቢው ምን እንዳለ አላወቀም። ካሊድ ብሎኖቹን እመሬት አስቀምጦ መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ገመዶች አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። የታመመው ክፍል ገመዱ ሲነቀል እሳት ያጣል፣ እሳት ሲያጣ ማንኳኳቱን ይቀንሳል፤ ይህን ያስተማረው ጣሃ ነው። የመጀመሪያውን ነቀለ፣ መለሰ። ሁለተኛውን ነቀለ፣ መለሰ። ሦስተኛውን ሲነቅል እጁን እዚያው አቆየና ቀና ብሎ ሦስት ጣቱን አሳየው። ኮሮላዋን አንሥተው፣ ዘይቱን አፍስሰው፣ ዘይት የሚይዘውን የሞተሩን ኮፓ ከሥር ሲያወርዱ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። የሦስተኛዋ ብሮንዚና መዳብ እስኪወጣባት ተበልታ፣ እንደ ወረቀት ሳስታ ወጣች። ካሊድ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለገሰሰ አሳየው። «ቡታጅራ አትደርስም ነበር» አለው። ገሰሰ አያትና ጥግ ላይ ቆሞ ስልክ ይደውል ጀመር፣ ለሽማግሎቹ የሚሆን ሚኒባስ በአሥራ ሁለት ሺህ ብር ተከራየ። ሲሄድ ጣሃን አልተቆጣውም። ጨበጠውና ሄደ። ቢቆጣው ይሻል ነበር።

ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ቀሩ። ጣሃ የጎማ ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጠዋት ሰምተኸው ነበር?»

ካሊድ ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ሰው ፊት እንዴት ልናገር ጋሼ? ምሳ ላይ ሞከርኩ፣ ተነሣህብኝ።»

ጣሃ ይህንን አልካደም። መዳፉ ላይ የደረቀውን ዘይት በጥፍሩ እየፋቀ ቆየ። ሌላ ጥያቄ መጥቶበታል። «ከዚህ በፊትስ?» አለ። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ከእጄ የወጣ መኪና አለ?» ካሊድ ጎንበስ ብሎ መፍቻዎቹን ይሰበስብ ጀመር። ጀርባውን ሰጥቷል፣ ምናልባት ይናገራል፣ ምናልባት አይናገርም፤ ጣሃ የሚያየው የሸሚዙን ጀርባ ብቻ ነው። ተነሥቶ ትከሻውን ያዘው። «ወደ እኔ ዞረህ ንገረኝ» አለው።

ካሊድ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «አራት ናቸው» አለ፣ ቃሉን እየለየ። «ሦስቱን አንተ ቤት ስትገባ ባለቤቶቹን እየጠራሁ መልሼ ሠርቻቸዋለሁ። ለዚህ ነው ለራሕማ የነገርኳት። አንዱን ግን አላገኘሁትም።»

«የትኛውን?»

«ነጩን ሚኒባስ። የኋላ ጎማዬ ይጮሃል ብሎ የመጣውን፤ ምንም የለውም ብለህ የሸኘኸውን። ኩሽኔታው ሄዶ ነበር፣ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። ከጎሮ መገናኛ ነው የሚጭነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እደውላለሁ፣ ስልኩ አይሠራም።»

ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ ከሄደ፣ ጎማው አንድ ቀን ከነመንኮራኩሩ ወልቆ ይሄዳል። ይህን ጣሃ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። «ታርጋውን ታስታውሰዋለህ?» አለ። ካሊድ ቁጥሮቹን ነገረው። ጣሃ ሁለቱን ቁጥር ያዘ፣ ቀሪዎቹ አመለጡት። ትናንት ቢሆን ራሱን ነቅንቆ «እሺ» ይል ነበር። ዛሬ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ለወንድሙ ዘረጋለት።

«አልሰማሁህም። ጻፍልኝ» አለ።

ካሊድ ከአንድ የዕቃ ካርቶን ቀዶ ጻፈለት። ጣሃ እጁን ሳይታጠብ፣ ቱታውን ሳይቀይር ወጣ፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ በፍጥነት ሄዶ የጎሮ ታክሲዎች የሚያልፉበት ጠርዝ ላይ ቆመ። ሰው ከሥራ የሚገባበት ሰዓት ስለነበር ሚኒባሶቹ ጢም ብለው ሞልተው ተከታትለው ይመጣሉ፤ ረዳቶቹ በመስኮት ብቅ ብለው አፋቸውን እየከፈቱ የሚሄዱበትን ይጣራሉ። ጣሃ የአንዳቸውንም አልሰማም። ካርቶኑን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ነጭ ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ጎንበስ እያለ ታርጋውን ያነብ ነበር።